የቴሌቪዥንዎ ጀርባ ምን እያለ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «አሮጌ ቴሌቪዥናችሁ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎርፏል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ የሆነውን መርጫለሁ።

ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ድምፁን በሪሞት እስከ ዜሮ ቀንሱት። ጩኸቱ አብሮ ጠፋ? እንግዲያው የሚመጣው በስፒከሩ በኩል ነው። ችግሩ ያለው የድምፅ ክፍሉ ወይም የሚገባው ሲግናል ላይ ነውና ተረጋግታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ጩኸቱ እንዳለ ቀረ? ያኔ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው የሚጮኸው። ቀጥሎ መቼ እንደሚጮህ አስተውሉ። ገና ሲከፈት ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ምስሉ ሲቀየር ድምፁም ይቀየራል? ሽታ አለው? እኔ ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ቁጭ ብዬ ማዳመጥ ነው የምወደው። ደንበኛም እነዚህን መልሶች ይዞልኝ ሲመጣ ሥራዬ በግማሽ ይቀላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሳጥኑን በመዳፍ መምታት ተዉ። ከተመታ በኋላ ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የላላው ነገር ለጊዜው ገጠመ እንጂ አልተጠገነም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዕቃ ይዞ ነው የሚበላሸው።

«ዝናብ በዘነበ ማግስት ጧ! ጧ! ይላል»

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለ 21 ኢንች ባለቀለም ቴሌቪዥን አለኝ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ስከፍተው ከጀርባው ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ይሰማል። በጮኸ ቁጥር ምስሉ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ሽታም አለው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አይደለም፤ አፍንጫ የሚወጋ፣ ሹል ሽታ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይተወዋል። ልጆቼ ‹ጣለው› ይሉኛል። እኔ ግን ምስሉ አሁንም ጥርት ያለ ስለሆነ አሳዘነኝ።»

መምህር፣ ምልክቱን አሟልተው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እርጥበቱ፣ የምስሉ ብልጭታ፣ ሽታው፣ ሲሞቅ መተዉ፤ አራቱም አንድ ቦታ ነው የሚጠቁሙት። ከፍተኛው ቮልቴጅ ማምለጫ አግኝቶ እየዘለለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርስዎ ዓይነት ቴሌቪዥን ውስጥ ፍላይባክ የሚባል ትራንስፎርመር አለ። 25,000 ቮልት አካባቢ ያመነጫል። ከእሱ አንድ ወፍራም ሽቦ ይወጣና ቲዩቡ (ምስሉ የሚታይበት ትልቁ የመስታወት ዕቃ) ላይ ክብ የጎማ ቆብ ስር ይገባል። እዚያ ያለው ቮልቴጅ አቧራ ይስባል። አቧራው ደረቅ እያለ ብዙም አያስቸግርም። እርጥበት ሲጠጣ ግን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ቮልቴጁም በአቧራው ላይ ተንሸራቶ ወደ መሬት፣ ማለትም ቲዩቡን በውጭ ወደከበበው የመሬት ሽቦ፣ ይዘላል። ጧ! የሚለው ያ ዝላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ እርጥበቱ ይደርቃል፤ ድምፁም ይጠፋል። የሸተተዎት ኦዞን ነው። ብልጭታ አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሲመታው የሚፈጠር ጋዝ ሲሆን ለሳንባ ጥሩ አይደለምና መስኮት ይክፈቱ።

ለዓመታት ያልጸዳ ቴሌቪዥን ክዳን ስፈታ መጀመሪያ የማየው ያንን የጎማ ቆብ ነው። ዙሪያውን ጥቁርና ደቃቅ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ቮልቴጁን አስወግጄ የቆቡን ጠርዝ ገለጥ ሳደርገው መስታወቱ ላይ የዛፍ ሥር የመሰሉ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ይታያሉ። ከመሃል ይነሱና እየተከፋፈሉ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ብልጭታው የተመላለሰባቸው መንገዶች ናቸው። አንዴ መንገድ ካበጀ በኋላ ዝናብ ባይኖርም በዚያው መሄድ ስለሚቀለው ነው ጉዳዩን ቶሎ ማሳየት ያለብዎት።

አሁን ምን ያድርጉ? አንድ ጊዜ ብቻ ማረጋገጫ ይውሰዱ። ማታ መብራት ያጥፉ። የቴሌቪዥኑ ክዳን እንደተዘጋ ይሁን። አንድ ሜትር ያህል ርቀው በጀርባው የአየር ቀዳዳዎች ይመልከቱ። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ብልጭታ ካዩ የት አካባቢ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ቲዩቡ ላይ ነው ወይስ ታች ቦርዱ ላይ? ከዚያ ያጥፉት፣ ሶኬቱን ይንቀሉት። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አያብሩት።

ክዳኑን ራስዎ እንዳይፈቱ አጥብቄ የምለምንዎት በምክንያት ነው። ቲዩቡ ራሱ ኤሌክትሪክ ያከማቻል። መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም የሚያስተላልፍ ጥቁር ሽፋን አለው፤ ሁለቱ ሽፋኖችና በመካከል ያለው መስታወት አንድ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ይሆናሉ። ሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ውስጡ ሊቆይ ይችላል። ንዝረቱ ራሱ ባይጎዳዎት እንኳ ደንግጠው እጅዎን ሲነጥቁ የቲዩቡን ቀጭን አንገት ይሰብራሉ፣ ወይም በሹል ብረት ይቆረጣሉ።

ለሚጠግንልዎት ባለሙያ ይህን ያንብቡለት። ቻርጁን የሚያስወግደው ሽቦ መጀመሪያ መታሰር ያለበት ቲዩቡን በውጭ ከከበበው የመሬት ሽቦ ጋር ነው። በደንብ ከታሰረ በኋላ ነው ሌላው ጫፍ በጎማው ስር የሚገባው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይድገመው። ቲዩብ አንዴ ባዶ ከሆነ በኋላ የተወሰነ ቻርጅ መልሶ ያመጣልና ብዙዎች በዚህ ነው የሚያዙት። መስታወቱንና ጎማውን ንጹሕ አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረግ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቅ። ቤንዚን አይቀርብም። ጎማው ከደረቀና ከተሰነጠቀ ይቀየር።

ብልጭታው ከፍላይባኩ አካል ላይ ከሆነ ግን ማጽዳት አይበቃም። የፍላይባኩ ፕላስቲክ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተከፍቷል ማለት ነው። ስንጥቁን በሲልከን ወይም በማጣበቂያ የሚደፍኑ አሉ። ጥቂት ይቆይና በሌላ በኩል ይወጣል። መቀየር ነው ያለበት። ሲቀየርም ፍላይባኩን የሚመግበው ቮልቴጅ በትክክል ይለካ፤ ፍላይባክን የሚሰነጥቀው አንዳንዴ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ነውና። ፍላይባኩን ከሚያሠራው ሆሪዞንታል ትራንዚስተር አጠገብ ያለው፣ ከ1,600 ቮልት ጀምሮ የሚጻፍበት ካፓሲተር አቅሙን ሲያጣ 25,000 የነበረው በጣም ከፍ ይላል። ከዚያ ብልጭታ ብቻ ሳይሆን ከቲዩቡ የሚወጣው የኤክስሬይ መጠንም ይጨምራል። ስለዚህ ያ ካፓሲተር «ይቀራረባል» ተብሎ በሌላ ቁጥር አይተካም።

ልጆችዎ ይታገሱ። አቧራ ብቻ ከሆነ ቴሌቪዥንዎ ገና ብዙ ይሠራል።

«ካጠፋሁት በኋላ ይንቋቋል»

«ማታ ካጠፋነው በኋላ ጭለማ ውስጥ ቋ... ቋ... ይላል። ባለቤቴ ‹ሊፈነዳ ነው› እያለች አልተኛችም። ሲከፈት ደግሞ ድም የሚል ድምፅ አለው።»

ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ይተኙ። ሳጥኑ ሲሠራ ሞቆ ይለጠጣል፣ ሲጠፋ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። ፕላስቲኩ በብሎኖቹ ላይ ሲንሸራተት ነው ቋ የሚለው። በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄዶ ከጠፋ የመቀዝቀዝ ድምፅ ነው። ከላይ መምህሩ የጻፉት ዓይነት ግን ቴሌቪዥኑ በርቶ እያለ ይመጣል፣ ምስሉንም ያናውጣል።

ሲከፈት ድም የሚለውም ጤነኛ ነው። ቲዩቡን የከበበ ጠምዛዛ ሽቦ አለ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ለአፍታ ኃይለኛ ጅረት ያልፍበትና ስክሪኑ ላይ የተጠራቀመውን ማግኔት ያጠፋል። ፖዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ወዲያው ሞቃ ጅረቱን ትዘጋዋለች። እንዲያውም ድም ማለቱን ትቶ በስክሪኑ ማዕዘኖች አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ከመጣ ፖዚስተሯ ሞታለች ማለት ነው። ወዲያው አጥፍተው ቢያበሩት ድም ላይል ይችላል። ፖዚስተሯ ካልቀዘቀዘች አትሠራም፤ ሩብ ሰዓት ይስጧት።

«ልጄ ጆሮዋን ትይዛለች፣ እኔ ምንም አልሰማም»

«የስምንት ዓመት ልጄ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ‹ያፏጫል› ብላ ጆሮዋን ትይዛለች። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ እንኳ አልሰማም። ልጅቷ እያበለች ነው ወይስ እኔ ነኝ የደነቆርኩት?»

ሁለታችሁም ደህና ናችሁ እህቴ። ልጅሽ እውነቷን ነው።

ምስሉ በ625 መስመር ይሠራል። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይሳላል። 625 በ25 ሲባዛ 15,625 ይሆናል። በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ፍላይባኩና በቲዩቡ አንገት ላይ ያሉት ጥቅልሎች ይሳባሉ፣ ይለቀቃሉ። ብረታቸውና ሽቦአቸው በዚያው ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። 15,625 ሄርዝ የሆነ ፉጨት ይሰማል ማለት ነው። በአሜሪካው የ525 መስመር ሥርዓት 15,734 ነው። የሕፃን ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል። ዕድሜ ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ እየተሰቃየ ሌላው ምንም ላይሰማ ይችላል። ልጆች «ያፏጫል» ሲሉ «ዝም በል» እየተባሉ መቆጣታቸው ያሳዝነኛል።

ቴሌቪዥኑን ከልጅሽ መቀመጫ አርቂው፤ ፊቱንም ወደ እሷ ቀጥታ አታድርጊው። ቀጭን ድምፅ በርቀትና በመጋረጃ ቶሎ ይዳከማል። ጨርቅ ግን እላዩ ላይ እንዳትደርቢ፤ የአየር ቀዳዳው ከተዘጋ ይሞቃል። «100 ሄርዝ» የተጻፈባቸው የመጨረሻዎቹ ባለቲዩብ ቴሌቪዥኖች የመስመር ፍጥነታቸው 31,250 ስለሆነ ለሰው ጆሮ አይሰማም። ምናልባት ሲቀየር እንዲህ ያለውን ፈልጊ።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን አንቺም መስማት ከጀመርሽ አጥፊው። ወይ የፍላይባኩ ፌራይት (መሃሉ ላይ ያለው ማግኔታዊ እምብርት) ላልቷል፣ ወይ ፍጥነቱ ወርዶ ድምፁ ወፍሯል። ፍጥነቱ ሲወርድ ምስሉ በሰያፍ መስመር ይቀዳደዳል፤ ትራንዚስተሩም ከአቅሙ በላይ ይሞቃል።

«ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ዝዝዝ ይላል»

«ዜና ላይ ከስር ነጭ ጽሑፍ ሲወጣ ስፒከሩ ዝዝዝ ይላል። ጽሑፉ ሲጠፋ ዝም ይላል። ስፒከር ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።»

ለስፒከሩ ያወጡት ገንዘብ ያሳዝናል፤ ስፒከሩ ንጹሕ ነበር። ምስሉ ድምፁ ውስጥ እየገባ ነው።

በአንቴና የሚመጣ የድሮው (አናሎግ) ስርጭት ምስልና ድምፅን በሁለት ሞገድ ጎን ለጎን ያመጣል። ፓል ቢና ጂ በሚባለው የስርጭት ሥርዓት በመካከላቸው 5.5 ሜጋሄርዝ ልዩነት አለ። ቴሌቪዥኑ ድምፁን የሚያገኘው ከዚያ ልዩነት ነው። ታዲያ በዚህ ሥርዓት ምስሉ ነጭ ሲሆን የምስሉ ሞገድ በጣም ይቀንሳል። ደማቅ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ከሚገባው በታች ከወረደ ልዩነቱ ለቅጽበት ይጠፋል። ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲደጋገም ዝዝዝ ይሆናል።

አሁን ሪሲቨር ወይም ዲቪዲ በአንቴና ገመድ ነው ያገናኙት? ገምቼ ልናገር፤ አዎ ነው የሚሉኝ። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለችው ትንሽ ማሰራጫ ነጩን ከልክ በላይ ትገፋዋለች። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ባለው የኤቪ ገመድ ያገናኙት። ድምፁ ከጠፋ ጨርሰዋል። የኤቪ ቀዳዳ ከሌለው የሪሲቨሩን ቻናል ከጎረቤት ስርጭት ወደራቀ ቁጥር ይቀይሩ፤ ሲግናሉ በጣም ኃይለኛ ከሆነም ማዳከሚያ ይግባበት።

በቀጥታ ስርጭትም፣ በሁሉም ጣቢያ ከመጣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለች የድምፅ ጥቅልል ከቦታዋ ተንሸራታለች። እሷን በብረት ካቻቪቴ የሚያዞር ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ውስጧ ያለው ፌራይት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ አይወጣም፣ አይገባም። ለዚህ የተሠራ የፕላስቲክ ማዞሪያ አለ።

«ያጉረመርማል፣ የምስሉ ጠርዝም ይወዛወዛል»

«ወፍራም፣ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ አለው። ድምፁን ዜሮ ባደርገውም አይጠፋም። የምስሉ ጠርዝ እንደ ባንዲራ ይወዛወዛል። ስታብላይዘርም ዲሽም አለኝ።»

ከሦስት አንዱ ነው፤ በቀላሉ ይለያል። መጀመሪያ ጆሮዎን ስታብላይዘሩ ላይ ያድርጉ። ውስጡ የብረት ትራንስፎርመር ስላለ በ50 ሄርዝ መብራት ላይ በ100 ሄርዝ ያጉረመርማል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ሪሌው (በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለ ያርቁት፤ ማግኔቱ ምስሉን ሊያወዛውዝ ይችላል።

ካልሆነ የአንቴናውን፣ የዲሹንና የዲቪዲውን ገመድ ሁሉ ይንቀሉ። ዝም አለ? በገመዶቹ ሽፋን በኩል የመሬት ጅረት እየዞረ ነው። አንድ በአንድ መልሰው ሲሰኩ ጥፋተኛው ይታወቃል።

አሁንም ካጉረመረመ የማጣሪያ ካፓሲተሩ ደርቋል። ካፓሲተሩ ሲደርቅ ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ሳይጣራ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ይገባል። ከድምፅ መቆጣጠሪያው በኋላ ስለሚገባ ነው ዜሮ ቢያደርጉትም የማይጠፋው። ስክሪኑን ልብ ብለው ይዩ። ቀስ እያሉ የሚወጡ ደብዛዛ አግድም ጥላዎች አሉ? ይቁጠሯቸው። ሁለት ከሆኑ ካፓሲተሩ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ የግድግዳውን መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚያስተካክሉት አራት ዳዮዶች አንዱ ሳይሞት አይቀርም። ጠጋኙ ቁጥሩን ከነገሩት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

አጭር አጭር

«ስልኬ ከመጮኹ በፊት ቴሌቪዥኑ ድድድ ድድድ ይላል» ላላችሁኝ ሁሉ፦ ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው። የጂኤስኤም ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ይልካል፤ የስፒከሩ ሽቦ ያንን ይይዘዋል። ስልኩን አንድ ሁለት ሜትር አርቁት።

«ድምፅ ስጨምርና ስቀንስ ብቻ ክርክር ይላል» ላልሽው፦ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ነው ያለሽ። ውስጡ ቆሽሿል። የመገናኛ ማጽጃ ተረጭቶበት ጥቂት ቢዞር ይስተካከላል።

የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ «ነጭ ምስል ሲመጣ ከስክሪኑ ራሱ ይንሾካሾካል» ያሉት አንባቢ፣ የሚኖሩት ከፍታ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ፕላዝማ ስክሪን በመስታወት መካከል የታሸገ ጋዝ አለው። ከፍ ባለ ቦታ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መስታወቶቹ በልክ አይጫኑም፤ እየተንቀጠቀጡ ድምፅ ያወጣሉ። ብዙ አምራቾች ለዚህ የከፍታ ገደብ ያስቀምጡ ነበር። የምስሉን ድምቀት ቀንሱት፤ ድምፁም ይቀንሳል። የሚጠገን ነገር የለውም።

«ቲክ ቲክ ይላል እንጂ አይነሳም»

«የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ። የአጎቴ ቴሌቪዥን ሲሰካ ቲክ... ቲክ... ቲክ ይላል፤ ቀይዋ መብራት አብራ ብልጭ ትላለች፤ አይነሳም። ሆሪዞንታል ትራንዚስተሩን ቀየርኩ፤ ለትንሽ ጊዜ ሠርቶ እንደገና ቲክ ቲክ ጀመረ። ትራንዚስተሩም ሾርት ሆኗል። ምን ልፈልግ?»

እህቴ፣ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ደስ አለኝ። በትክክለኛው መስመር ላይ ነሽ። የቀረሽ ትራንዚስተሩ ለምን እንደሞተ መጠየቅ ነው።

ቲክ የሚለው የኃይል ክፍሉ ነው። ለመነሳት ይሞክራል፣ ከፊቱ ሾርት ያገኛል፣ ራሱን ለማዳን ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ጤነኛ መከላከያ ነው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ነገር። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ላይ 325 ቮልት አካባቢ ሊኖር ይችላል፤ ባለ 230 ቮልት መብራት ሲስተካከል የሚደርስበት ነውና በሬዚስተር አውርጂውና ለክተሽ አረጋግጪ። የኃይል ክፍሉ አንድ ወገን ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ ቢ ፕላስ (የኃይል ክፍሉ ለሆሪዞንታል ክፍሉ የሚሰጠውን ዋና ቮልቴጅ) ስትለኪ የመልቲሜትሩን ጥቁር ሽቦ በሌላኛው ወገን፣ ለምሳሌ የቲዩነሩ (የጣቢያ መያዣው) ብረት ላይ አድርጊ። ብቻሽን ሆነሽ አትሥሪ።

አሁን የሞተውን ትራንዚስተር አውጪ። በቦታው አዲስ አታስገቢ። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል፣ ኤልኢዲ ያልሆነ፣ በቢ ፕላሱና በመሬቱ መካከል እሰሪ። አብሪው። አምፖሉ በርቶ ቢ ፕላሱ ቦርዱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ በ110ና በ140 መካከል ነው፣ የኃይል ክፍሉ ደህና ነው። ቁጥሩ ከተጻፈው በጣም ከበለጠ ገዳዩን አግኝተሻል። ትራንዚስተሩ በሌለበትም ቲክ ቲክ ካለ ግን የሁለተኛው ወገን ዳዮዶች ሾርት መሆናቸውን እዪ፤ ከዚያ ከትልቁ ሙቀት ማብረጃ ብረት አጠገብ ያለችውን ባለ 22 ወይም ባለ 47 ማይክሮፋራድ ትንሽ ካፓሲተር ቀይሪ። ሙቀት ያደርቃታል።

አምፖሉ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ቦርዱን ገልብጪና በጠንካራ ብርሃን ስር ፈልጊ። ከሆሪዞንታል ትራንዚስተሩ ፊት አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር አለች፤ ድራይቨር ትባላለች። አራት ወይም አምስት እግር አላት። እያንዳንዱን እግር በማጉያ መነጽር እዪ። ብየዳው ያብረቀርቃል፤ እግሩ መሃሉ ላይ ነው። በእግሩና በብየዳው መካከል ግን ግራጫ፣ ፀጉር የምታህል ቀለበት ካለች እሷው ናት። እግሩን በደረቅ እንጨት ስትነኪው በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ለዓመታት ሲላላ ቆይቷል። በዚያ ቀለበት ምክንያት ትራንዚስተሩ ሙሉ ትእዛዝ አያገኝም፤ ግማሽ ከፍቶ ግማሽ ዘግቶ ይሞቅና ይሞታል። ያንቺው «ለትንሽ ጊዜ ሠርቶ» መሞቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የድሮውን ብየዳ በመምጠጫ አውጥተሽ በአዲስ በይጂው፤ ከላዩ መጨመር አይበቃም። የፍላይባኩን እግሮችና የአንገቱን ጥቅልል ሶኬትም አብረሽ እዪ።

ብየዳው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ካገኘሽው ቀሪው ተጠርጣሪ ፍላይባኩ ነው። ውስጡ ሁለት ዙር ሽቦ ተነካክቶ ከሆነ በመልቲሜትር አታይውም። በሚታወቅ ጤነኛ መቀየር ወይም የፍላይባክ መመርመሪያ መዋስ ነው። ስለ መልቲሜትር ካነሳን፦ ብዙ ሆሪዞንታል ትራንዚስተሮች ውስጣቸው ዳዮድና ትንሽ ሬዚስተር ስላላቸው በቤዝና በኢሚተር መካከል ጥቂት አስር ኦም ቢያሳይሽ ሾርት ነው ብለሽ አትጣዪው። የሞት ምልክቱ በኮሌክተርና በኢሚተር መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ማሳየቱ ነው።

አዲሱን ትራንዚስተር ካስገባሽ በኋላ መጀመሪያ ስታበሪው ከግድግዳው ጋር በተከታታይ ባለ 100 ዋት አምፖል አግቢ። ስክሪኑን ከማግኔት የሚያጸዳውን ጥቅልል ሶኬት አስቀድመሽ ንቀይ፤ አለበለዚያ እሱ የሚስበው ጅረት አምፖሉን አብርቶ ያሳስትሻል። አምፖሉ ደምቆ ወዲያው ከደበዘዘ መንገድሽ ጥሩ ነው። እንደደመቀ ከቀረ አጥፊው፤ ሾርቱ አሁንም አለ፤ ትራንዚስተሩ ግን በአምፖሉ ምክንያት ይተርፋል።

ቢ ፕላሱ ስንት እንዳሳየሽና ቀለበቷን የትኛው እግር ላይ እንዳገኘሻት ጻፊልኝ። የቴሌቪዥኑን ሞዴል ቁጥርም ከጀርባው ክዳን ላይ ገልብጠሽ አስገቢበት፤ በሚቀጥለው እትም ከዚያ እንቀጥላለን።